መሣሪያው ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ ስልት ይፈተሽ

በአንድ የምርት ወይም የአገልግሎት መስክ አዲስ መሣሪያ ብቅ ባለ ቁጥር በየፋብሪካው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሠፈሩ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «መሣሪያው እንጀራችንን ይወስድብን ይሆን?» የሚል። ጥያቄው ከሠራተኛው ተጨባጭ ኑሮ የፈለቀ በመሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም ግማሽ ጥያቄ ነው። በመሠረቱ መሣሪያ በራሱ ማንንም ከሥራ አያባርርም፤ ማንንም አያበለጽግም። ለማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፍልበት፣ ትርፉ ወዴት እንደሚፈስ፣ ኪሣራውም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው መሣሪያው የተሠማራበት የአሠራር ስልት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻውም ይህንኑ የተዘነጋ ግማሽ ጥያቄ ነው።

የአሠራር ስልት ስንል ምን ማለታችን ነው? አንድ ድርጅት ሊመልሳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ የማንን ችግር ነው የሚያቃልለው? ሁለተኛ፣ የሚያቀርበው ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ያንን የሚያዘጋጀውና ለተጠቃሚው የሚያደርሰው በማን እጅና በየትኛው መንገድ ነው? አራተኛ፣ ገንዘቡ የሚገኘው ከማን፣ መቼና በምን መልክ ነው? የእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልሶች ተያይዘው ሲቆሙ የድርጅቱን የአሠራር ስልት ይሠራሉ። ከመልሶቹ አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹም ይናጋሉ። ቴክኒክ በዝግታ በሚራመድበት መስክ አንድ ስልት ለሁለትና ለሦስት ትውልድ ሊያገለግል ይችላል። ቴክኒክ በሚጋልብበት መስክ ግን ትናንት የብልጽግና ምንጭ የነበረው ስልት ዛሬ የእግር ብረት ይሆናል። የማምረቻ መሣሪያዎች ዕድገትና በእነሱ ዙሪያ የተገነባው የአሠራር ሥርዓት የሚገቡበት ይህ ቅራኔ ከማንም ፈቃድ ውጭ የሚከሰት ነው። በሰው ፈቃድ ሥር ያለው ቅራኔውን በጊዜ ማወቅና መፍታት ብቻ ነው።

አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ስልት

ለዚህ አባባላችን ማስረጃ ከቢሮ ዕቃ እንጀምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.) በ1959 ሃሎይድ ዜሮክስ የተባለ መጠነኛ የአሜሪካ ኩባንያ በተራ ወረቀት ላይ የሚያባዛ መሣሪያ ሠርቶ አወጣ። «914» ይባል የነበረው ይህ መሣሪያ ክብደቱ ከ290 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። ዋጋውም በዘመኑ ይሸጡ ከነበሩት የማባዣ መሣሪያዎች ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ኩባንያው አብረውት እንዲሠሩ የጠየቃቸው ታላላቅ ድርጅቶች መሣሪያውን በሽያጭ ዓይን ብቻ መዝነው ገዢ አያገኝም በማለት ወደ ኋላ አሉ። በተለመደው ስልት ማለትም መሣሪያውን ሸጦ ገንዘቡን በመቀበል ቢታሰብ ኖሮ ግምታቸው ስህተት አልነበረም።

የኩባንያው ሰዎች ግን መሣሪያውን ሳይሆን ስልቱን ለወጡ። መሣሪያውን ከመሸጥ ይልቅ በወር 95 ዶላር ማከራየት ጀመሩ። ተከራዩ በወሩ ውስጥ 2000 ቅጂ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያባዛል፤ ከዚያ በላይ ለሚያባዛው በእያንዳንዱ ቅጂ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል። መሣሪያው ከገባባቸው ቢሮዎች ብዙዎቹ የወሩን ድርሻ ለመጨረስ ጥቂት ቀን ብቻ በቃቸው። ከ30 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ዓመታዊ ገቢ የነበረው ኩባንያ እ.አ.አ. በ1972 ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር የሚያስገባ ድርጅት ሆነ። ብረቱ ያው ብረት፣ ቀለሙ ያው ቀለም ነበር። የተለወጠው ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በየቅጂው በሚሰበሰብ ሳንቲም የበለጸገው ድርጅት ብዙ ቅጂ የሚያወጡ ትላልቅ መሣሪያዎችንና ትላልቅ ደንበኞችን ብቻ መመልከት ልማዱ አደረገ። በዚህ መሐል የጃፓን አምራቾች በተለይም ካኖን ለትንንሽ ቢሮዎች የሚሆኑ፣ በርካሽ የሚሸጡና ጥገናቸው የቀለለ መሣሪያዎችን ይዘው በጓሮ በር ገቡ። ስለሆነም የአሠራር ስልት አንዴ ተገኝቶ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ቅርስ አለመሆኑን ከዚሁ ከራሱ ታሪክ እንረዳለን።

የአንድ ግዙፍ ድርጅት ውድቀት ትምህርት

ስልትን በጊዜ አለመፈተሽ በሠራተኛው ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማወቅ ከኮዳክ የበለጠ ጉልህ ምሳሌ አይገኝም። ኮዳክ የሚለው ስም ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። በየከተማው ፎቶ ቤቶች ደጃፍ ላይ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው ምልክቱ ለብዙ ዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል።

መሥራቹ ጆርጅ ኢስትማን እ.አ.አ. በ1888 ያወጣው የመጀመሪያው የኮዳክ ካሜራ 25 ዶላር ይሸጥ ነበር። በውስጡ 100 ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚበቃ ፊልም ነበረው። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካው 10 ዶላር ተቀብሎ ፎቶግራፎቹን አጥቦና አትሞ፣ ካሜራውንም አዲስ ፊልም አጉርሶ ይመልስለታል። እ.አ.አ. በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለውን ካሜራ በአንድ ዶላር ለገበያ አቀረበ። ከዚህ የምንገነዘበው ኢስትማን ገና ከጅምሩ የካሜራ ነጋዴ እንዳልነበረ ነው። ካሜራው ማጥመጃ ነበር፤ ዘላቂው ገቢ የሚገኘው ከፊልሙ፣ ከማጠቢያው ኬሚካልና ከወረቀቱ ነበር። ሰዎች ፎቶግራፍ በተነሡ ቁጥር ገንዘብ ወደ ሮቸስተር ከተማ ይፈስሳል ማለት ነው። ይህ ስልት በጊዜው ታላቅ ፈጠራ ነበር። ፎቶግራፍን ከጥቂት ባለሙያዎችና ባለጸጎች እጅ አውጥቶ ለሰፊው ሕዝብ አዳርሷል። በ1970ዎቹ አጋማሽም ኮዳክ በአሜሪካ ከሚሸጠው ፊልም ዘጠና ከመቶ ያህሉን ይዞ ነበር።

እ.አ.አ. በ1975 ስቲቭ ሳሰን የተባለ የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ በዚያው ድርጅት ቤተ ሙከራ ሠራ። ክብደቱ ወደ አራት ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ አንዱን ምስል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ የሚፈጅ፣ ጥራቱም እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ናሙና ነበር። ቢሆንም የዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች ሁሉ ቅድመ አያት ነው። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ቁም ነገር አለ። ኮዳክን የጣለው መሣሪያ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ከራሱ ቤት፣ ከራሱ ሠራተኛ እጅ የወጣ ነበር። ከዕውቀትም ከገንዘብም የጎደለው ነገር አልነበረም።

ብዙዎች ኮዳክ የወደቀው ዲጂታል ካሜራ መሥራት ስላልፈለገ ነው ይላሉ። ይህ አባባል እውነቱን በሙሉ አይገልጽም። ኮዳክ ለአዲሱ ቴክኒክ እጅግ ከፍተኛ ገንዘብ አውሏል። እ.አ.አ. በ2005 በአሜሪካ ገበያ በዲጂታል ካሜራ ሽያጭ ብዛት የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘውም እሱ ነበር። እ.አ.አ. በ2001 ኦፎቶ የተባለውን፣ ሰዎች ፎቶግራፎቻቸውን በኢንተርኔት የሚያስቀምጡበትን ድርጅት ገዝቷል። ታዲያ ለምን ወደቀ? መሣሪያውን ለውጦ ስልቱን ስላልለወጠ ነው እንላለን። በፊልም ዘመን ካሜራው ቢረክስ ፊልሙ ይክሰው ነበር። በዲጂታል ዘመን ግን ካሜራውን የሚከተል ፊልም የለም። ኦፎቶን የያዘውም ሰዎች ምስላቸውን እንዲለዋወጡበት ሳይሆን በዋናነት በወረቀት እንዲያሳትሙ ለመገፋፋት ነበር። ሕዝቡ ምስሉን በመስታወት ላይ ማየትና ለወዳጅ ዘመድ መላክ ሲጀምር የወረቀቱ ገበያ ተነነ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ካሜራው ራሱ በስልክ ውስጥ ተዋጠ። አዲሱን መሣሪያ በአሮጌው ስልት ማሠራት አዲስ ጠጅ በተቀደደ አቅማዳ እንደመቋጠር ሆነ።

መዘዙ ምን ነበር? እ.አ.አ. በ1988 ኮዳክ በመላው ዓለም 145 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። እ.አ.አ. በጥር ወር 2012 የኪሣራ ጥበቃ ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ የቀሩት ከ20 ሺህ በታች ነበሩ። ከስድሳ ሺህ በላይ ሰዎች በኮዳክ ደመወዝ ያድሩባት በነበረችው ሮቸስተር ከተማ የቀረው የሠራተኛ ቁጥር ከሰባት ሺህ በታች ወረደ። የፋብሪካ ሕንጻዎች በድማሚት ሲፈርሱ የቀድሞ ሠራተኞች ቆመው ተመለከቱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ጡረተኞች ለእርጅና ዘመናቸው ቃል የተገባላቸውን የሕክምና ዋስትና በዚያው በኪሣራው ሂደት ማጣታቸው ነው። ድርጅቱ እ.አ.አ. በ2013 ከኪሣራው ሂደት አነስ ብሎ ወጥቷል፤ ዛሬም አለ። ሥራቸውን ላጡት ግን ይህ የሚያጽናና አልነበረም። ስልቱን ሳይፈትሹ የቆዩት ጥቂት የበላይ ኃላፊዎች ሲሆኑ ዕዳውን የከፈለው ግን በማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛና የእሱ ቤተሰብ ነው። የአሠራር ስልት የሠራተኛው ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በእጅ ያለን ዕውቀት ለአዲስ ሥራ

ተመሳሳይ አደጋ ያንዣበበበት ሌላ ድርጅት ግን ነበር። እ.አ.አ. በ1934 የተቋቋመው የጃፓኑ ፉጂፊልም እንደ ኮዳክ ሁሉ ኑሮው በፊልም ላይ የቆመ ነበር። በመላው ዓለም የፎቶግራፍ ፊልም ፍላጎት ከጫፍ የደረሰው እ.አ.አ. በ2000 ሲሆን ከዚያ በኋላ እንደ ገደል ናዳ ቁልቁል ወረደ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከቀድሞው አሥር እጅ አንዱ እንኳ አልቀረም። በዚያው ዓመት የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሺጌታካ ኮሞሪ ለባለሙያዎቻቸው ያቀረቡት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በእጃችን ያለው ዕውቀት ምንድን ነው? ከፊልም ሌላስ የማንን ችግር ሊያቃልል ይችላል? የሚል ነበር።

ይህን ጥያቄ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። የፎቶግራፍ ፊልም በአንድ ስስ ሽፋን ላይ በርካታ ረቂቅ ንብርብሮችን አንድ ወጥ አድርጎ የመቀባት ጥበብ ይጠይቃል። ይህንኑ ጥበብ የያዙት ሠራተኞች ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ጠፍጣፋ መስታወቶች የሚያስፈልገውን መከላከያ ስስ ፊልም ማምረት ቻሉ፤ ድርጅቱም የመስታወቱ ገበያ ገና ከመስፋፋቱ በፊት ለዚሁ ሥራ አዳዲስ ፋብሪካዎች ሠራ። የፊልም ዋነኛ ጥሬ ዕቃ የሆነው ጄላቲን የሚገኘው ከኮላጅን ሲሆን የሰው ቆዳም አንዱ መሠረት ኮላጅን ነው። ፎቶግራፍ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ የሚጠብቁት ኬሚካሎችም ቆዳን ከጉዳት ለመጠበቅ ሊረዱ እንደሚችሉ የድርጅቱ ኬሚስቶች ተረዱ። በዚህ መሠረት እ.አ.አ. በ2007 የቆዳ መንከባከቢያ ቅባት ለገበያ ቀረበ። እ.አ.አ. በ2008 ደግሞ ድርጅቱ የመድኃኒት ፋብሪካ በመግዛት ቀድሞ በራጅ ፊልም ይታወቅበት በነበረው የጤና መስክ ሥር ሰደደ።

በአንጻሩ ኮዳክ ታላቅ የነበረውን የኬሚካል ክፍሉን እ.አ.አ. በ1994 ከራሱ ነጥሎ ራሱን ወደቻለ ድርጅትነት ለውጦታል፤ በዚያው ዓመት የመድኃኒት ሥራውንም ሸጧል። ተነጥሎ የወጣው የኬሚካል ድርጅት ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። አንዱ በእጁ ያለውን ዕውቀት ለአዲስ ሥራ ሲያሠማራ ሌላው ያንኑ ዕውቀት አሳልፎ ከሰጠ በኋላ በፎቶግራፍ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የፉጂፊልምን መንገድ ስናወሳ እንከን አልባ እንደነበር ለማስመሰል አይደለም። ለውጡ እ.አ.አ. በ2006 በፎቶግራፍ ክፍሉ 5 ሺህ ያህል የሥራ ቦታዎችን ለመቀነስ መወሰንንም ይጨምር ነበር። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ቢሆንም መርከቧ በጊዜ ስትዞር ከሚጎዱትና ከነተሳፋሪዎቿ ስትሰጥም ከሚጠፉት መካከል ያለው ልዩነት የማይታበል ሐቅ ነው። አንድ ድርጅት ገና ትርፍ በሚያገኝበት ጊዜ ስልቱን ቢፈትሽ ሠራተኛውን የሚያሠለጥንበት፣ ወደ ሌላ ክፍል የሚያዛውርበት፣ ተገቢውን ካሣ የሚከፍልበት አቅም ይኖረዋል። ካዝናው ከተራቆተ በኋላ ግን ሠራተኛው ባዶ እጁን በር ላይ ይቀራል።

በአካባቢያችን የምናየው

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን ኬንያ ሳፋሪኮም እ.አ.አ. በመጋቢት 2007 ኤም ፔሳ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር የእጅ ስልክ አዲስ ነገር አልነበረም። በአጭር መልእክት ትዕዛዝ ማስተላለፍም የታወቀ ነበር። አገልግሎቱ መጀመሪያ የተሞከረው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲመልሱ ለማድረግ ነበር። በሙከራው ጊዜ ግን ተጠቃሚዎቹ ገንዘቡን እርስ በርሳቸው ይላላኩበት ጀመር። የኩባንያው ሰዎች ሕዝቡ በተግባር ያሳያቸውን ተከትለው በከተማ የሚሠራው ወገን በገጠር ላለው ቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክበት አገልግሎት አደረጉት። ዋናው ፈጠራ ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ከመክፈት ይልቅ በየመንደሩ ያለው የሱቅ ባለቤት ጥሬ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ ወኪል ሆኖ ከእያንዳንዱ አገልግሎት ኮሚሽን እንዲያገኝ ተደረገ። የስልክ ኩባንያውም ደቂቃ ከመሸጥ አልፎ ገንዘብን የማዘዋወር ሥራ ውስጥ ገባ።

በሀገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ላይ አዋለ። ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቴሌብር ተመዝጋቢዎች ቁጥር ከ40 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ከአንባቢዎቻችን ዓይን ያልተሰወረ አንድ ነገር አለ። በየመንገዱ የሞባይል ካርድ እያዞሩ ከእያንዳንዱ ካርድ በሚያገኙት ጥቂት ሳንቲም ይተዳደሩ የነበሩ ወጣቶች፣ ደንበኛው ሒሳቡን በስልኩ ራሱ መሙላት ሲጀምር ገበያቸው ተመናምኗል። ወኪል ለመሆን መነሻ ገንዘብና መቀመጫ ቦታ የነበረው ባለ ሱቅ በአዲሱ ስልት ውስጥ ስፍራ ሲያገኝ መነሻ የሌለው አዟሪ ከውጭ ቀርቷል። በየሠፈሩ የነበሩት ፎቶ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ፊልም በማጠብ ብቻ የቆሙት ተዘጉ። የጉርድ ፎቶግራፍ በደቂቃ ማተምን፣ የሠርግ ቪዲዮንና የሰነድ ማባዛትን የጨመሩት ግን ቆዩ። ለውጥ ሁሉንም በእኩል አይመታም፤ ሁሉንም በእኩል አያነሣም። መነሻ ያጡትን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅቶ በአዲሱ ስልት ውስጥ ስፍራ ማስያዝ የአካባቢው ነዋሪ፣ የማኅበራቱና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የጋራ ተግባር መሆን ይገባዋል።

ወደ ሌላ መስክ እንለፍ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገበት ከመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ማዕበል አልፏል። ይሁንና በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የገጠመው አቻ አልነበረውም። እ.አ.አ. በ2020 የዓለም የመንገደኞች አየር ጉዞ ካለፈው ዓመት ወደ ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋ መጠን አሽቆለቆለ። በየሀገሩ ያሉ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቁመው የመንግሥታቸውን እጅ ይጠብቁ ጀመር። የእኛው አየር መንገድ ግን ጥያቄውን ገለበጠው። መንገደኛ ባይኖርም ዓለም መድኃኒት፣ ጭምብልና የሕክምና መሣሪያ በአስቸኳይ የሚያጓጉዝለት ይሻል፤ አውሮፕላኑም፣ አብራሪውም፣ ጠጋኙም አለ። ስለሆነም ወደ 25 የሚጠጉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ የጭነት ማመላለሻ ሆኑ። አዲስ አበባም ለአፍሪካ ሀገሮች የተላከ የሕክምና ዕርዳታ የሚከፋፈልባት ማዕከል ሆነች።

አውሮፕላኑ ያው አውሮፕላን ነበር፤ የተለወጠው ለማን ምን ያቀርባል የሚለው መልስ ነው። ለዚህ ያበቃው ግን የአንድ ሌሊት ብልሃት አይደለም። ድርጅቱ አስቀድሞ በጭነት አገልግሎት፣ በራሱ የጥገና ማዕከልና በራሱ የአቪዬሽን ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት ገንዘብና ጉልበት አውሎ ነበር። ወንበሮቹን የነቀሉት የራሱ ባለሙያዎች ናቸው። የሠለጠነ ሠራተኛ በቤቱ ያለው ድርጅት ስልቱን በሳምንታት መለወጥ እንደሚችል በተግባር ታይቷል። ሥልጠናን እንደ ወጪ ቆጥሮ የሚቀንስ አስተዳደር የነገውን መውጫ በር ዛሬ በገዛ እጁ ይከረችማል።

ለውጥ ሁሉ ዕድገት አይደለም

እስካሁን ያልነው በስልት ለውጥ ስም የሚመጣውን ሁሉ በጭብጨባ መቀበል ይገባል ማለት አይደለም። ዓይንን ገልጦ መመርመር የሚያስፈልገው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ስልት በእርግጥ አዲስ ነገር ይፈጥራል፤ የተጠቃሚውን ድካም ያቀላል፤ ብክነትን ያስወግዳል። አንዳንዱ ግን ምንም አዲስ ነገር ሳይፈጥር ሸክምን ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው ያዛውራል። መኪናው የሾፌሩ፣ ነዳጁ የሾፌሩ፣ ጎማው የሾፌሩ፣ አደጋው የሾፌሩ፤ ዋጋ ተማኙና ኮሚሽን ቆራጩ ግን በስልኩ ውስጥ ያለው ኩባንያ ሲሆን፣ ሾፌሩ ሠራተኛ ነው ወይስ ባለ ሀብት? ይህን ጥያቄ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.አ.አ. በ2021 በኡበር ሾፌሮች ጉዳይ አይቶታል። ሾፌሮቹ ሠራተኛ በመሆናቸው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልና የዓመት ዕረፍት ክፍያ ይገባቸዋል ሲል ወስኗል። ስልቱ አዲስ ቢሆንም የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ስሙን ለውጦ ሊደበቅ እንደማይችል ፍርዱ አስተምሯል።

በመሆኑም አንድ አዲስ ስልት ሲቀርብ ሦስት መመዘኛ ሊደረግለት ይገባል። ተጠቃሚው ሕዝብ ከቀድሞው የተሻለ ነገር ያገኛልን? የሚገኘው ትርፍ ሥራውን ለሚሠራው ይዳረሳልን? ኪሣራ ቢመጣ የሚሸከመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯልን? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ የሌለው ስልት፣ ስሙ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ አሮጌ ብዝበዛ በአዲስ ልብስ ነው።

የሠራተኛውና የነዋሪው ድርሻ

«ይህ ሁሉ የሥራ አስኪያጆች ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛውን ምን አገባው?» የሚሉ አይጠፉም። በእኛ እምነት ይህ አመለካከት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ገበያው መለወጡን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በስብሰባ አዳራሽ የተቀመጠው ኃላፊ አይደለም። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲከማች የሚያየው የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ደንበኛው ምን ጠይቆ እንዳጣ የሚሰማው ሻጩ ነው። የትኛው ማሽን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆም የሚያውቀው በማሽኑ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። የኮዳክን ዲጂታል ካሜራ የሠራው ሠራተኛ ነበር፤ የሠራውን ወደ አዲስ ስልት መለወጥ የተሳነው አመራሩ ነው። ከታች የሚታየውን እውነት ወደ ላይ የሚያደርስ መንገድ የሌለው ድርጅት ዓይኑን ታውሮ እንደሚሮጥ ፈረስ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ አዲስ መሣሪያ እንዳይገባ በር ዘግቶ መቆም መፍትሔ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባናል፤ መንገዱ ግን አያወጣም። በር የዘጋው ድርጅት ከተፎካካሪው ኋላ ሲቀር የሚዘጋው ከነበሩ ነው። ትግሉ መሣሪያው እንዳይገባ ሳይሆን ሲገባ በምን ስልት፣ በማን ጥቅምና በማን ኪሣራ እንደሚገባ ለመወሰን መሆን ይኖርበታል።

ከዚህ አኳያ የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪው ጋር የሚያደርጉት የኅብረት ስምምነት በደመወዝ ጭማሪና በሥራ ልብስ ጥያቄ ብቻ ሊወሰን አይገባውም። ድርጅቱ ከምን ምርት ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ በመጪዎቹ ዓመታት ምን መሣሪያ ለማስገባት እንደታሰበ፣ ሥራቸው ለሚነካባቸው ሠራተኞች ምን ሥልጠና እንደተዘጋጀ አስቀድሞ እንዲነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ይገባልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር እንዳለበትና በሥራ ችሎታና በምርታማነት ብልጫ ያላቸው በሥራ ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ምክክሩ ግን የቅነሳው ዝርዝር ከተጻፈ በኋላ ብቻ ከሆነ የቀብር ስብሰባ ከመሆን አያልፍም። መመካከር የሚጠቅመው ድርጅቱ ገና ጤነኛ ሳለ ነው። የችሎታ ብልጫ መመዘኛ መሆኑም ሠራተኛው አዲሱን ሙያ ከወዲሁ መማሩ የመብቱ ማስከበሪያ መሣሪያ መሆኑን ያመለክታል።

የአካባቢ ነዋሪዎች ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ዕድሮችና በጥቃቅን ሥራ የተደራጁ ወጣቶች ራሳቸው የአሠራር ስልት ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። የሸማቾች ሱቅ ነዋሪው የሚፈልገውን ዕቃ ሳይሆን ትናንት የለመደውን ብቻ ደርድሮ ቢቀመጥ፣ ሒሳቡንም በየወቅቱ ባይመረምር፣ የኮዳክ ዕጣ በትንሹ ይደርሰዋል። ከላይ ያነሣናቸው አራት ጥያቄዎች በሠፈር ስብሰባ ላይ ለመወያየት የሚከብዱ አይደሉም። የማንን ችግር እናቃልላለን? ምን እናቀርባለን? በማን እጅና በምን መንገድ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? መልሱ በዓመት አንድ ጊዜ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ካለፈው ዓመት መልስ ጋር ቢነጻጸር ብዙ ጥፋት ሳይደርስ ይገታል።

ወንዝ ሲሞላ የሚያየው ዳር የቆመው ነው፤ የሚወስደው ግን መሐል የተኛውን ነው። ቴክኒክ በሚጣደፍበት በዚህ ዘመን የሠራተኛው ንቃት የሚለካው ማሽኑን አሳምሮ በማንቀሳቀሱ ብቻ አይደለም። ማሽኑ በምን ስልት፣ ለማን ጥቅም እንደሚንቀሳቀስ ጠይቆ በመረዳቱም ነው። ጥያቄው በየማኅበሩ አጀንዳ ላይ ይያዝ፤ ድርጅቶች ትርፍ በሚያገኙበት በዛሬው ቀን ይጠየቅ። ነገ ከረፈደ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ የስንብት ደብዳቤ ብቻ ነውና።